በ12 አባዙት፦ ለአሻንጉሊት ቤት እውነተኛ የሚመስሉ ጥቃቅን ዕቃዎችን ስለ መሰብሰብ

በመሳቢያዬ ውስጥ አንዲት የልብስ ስፌት መኪና አለች። ጥቁር ናት፤ አንገቷ ላይ ወርቃማ ሐረግ ተስሎባታል፤ እጀታዋን ሲያዞሩት መርፌዋ ከፍ ዝቅ ትላለች። እስካሁን ከሰበሰብኳቸው ጥቃቅን ዕቃዎች በአሠራር የሚስተካከላት የለም። ሆኖም የአሻንጉሊት ቤቴን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ፎቶዋን ኢንተርኔት ላይ አይቼ፣ ልቤ ጠፍቶ፣ በዚያው ሌሊት አዘዝኳት። ስትደርሰኝ ቁመቷ 9 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከአሻንጉሊቷ ጎን ሳቆማት ደረቷ ጋ ደረሰች።

የሚያናድደኝ ገንዘቡ አይደለም። ዕድሜዬን የሕንፃ ፕላን ስሥል የኖርኩ ሴት ነኝ። ሥራ ላይ ስኬሉን፣ ማለትም ሥዕሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያንስ፣ ሳልጠይቅ አንዲት መስመር አላሰምርም፤ ለራሴ ደስታ ሲሆን ግን ማስመሪያዬን ረስቼ ገበያ ወጣሁ። ስለዚህ ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን፦ ማንኛውንም ትንሽ ዕቃ በእጃችሁ ስትይዙ በ12 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር በሰው ቤት የምታውቁት መጠን ከሆነ ያዙት። ካልሆነ የቱንም ያህል ቢያምር መልሱት። 9 ሲባዛ በ12 አንድ ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ የስፌት መኪና የሚሰፋባት ግዙፍ ሰው ብቻ ነው።

ለምን 12? በእንግሊዞች መለኪያ አንድ ጫማ 12 ኢንች ነው። የእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ በአሻንጉሊት ቤት አንድ ኢንች ሲሆን 1 ለ12 የሚባለው ስኬል ይገኛል፤ ለሰብሳቢዎች የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃም በዚህ ልክ የተሠራ ነው። የግማሹ ግማሽ እያሉ የሚወርዱ 1 ለ24 እና 1 ለ48 አሉ፤ ባርቢን የመሰሉ አሻንጉሊቶች ደግሞ ወደ 1 ለ6 ይጠጋሉ። በእንግሊዝ ዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚታየው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት፣ አርክቴክቱ ኤድዊን ላቲየንስ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው፣ ቧንቧው ውኃ የሚያፈስ፣ መብራቱ የሚበራ ቤት፣ ስኬሉ ይኸው 1 ለ12 ነው። እናንተ የፈለጋችሁትን ምረጡ። ብቻ አንዱን ከመረጣችሁ ሌላውን አታስጠጉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስኬል ከተቀላቀለ ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደተዛነፈ ያውቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ሜትር ይዛችሁ የራሳችሁን ቤት ለኩ። ቀልድ አይደለም። እኔ ትንሽ ደብተር ይዤ ከወጥ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ዞርኩ፤ በግራ ገጽ እውነተኛውን ልክ፣ በቀኝ ለ12 የተካፈለውን ጻፍኩ። ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ሲካፈል 6 ከሩብ። የወንበር መቀመጫ ከወለል 45፣ ሲካፈል 3.75። ሁለት ሜትር በር ወደ 16.7። ትልቅ ሰሃን 26፣ ሲካፈል 2.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ኩባያ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ይቀረዋል። ማንኪያ ከ18 ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ይህች ደብተር ከእጅ ቦርሳዬ አትወጣም። አጠገቧ ውፍረትን በሚሊ ሜትር የምትለካ ፕላስቲክ ካሊፐር አለች፤ ሁለቱ ካሉ ሻጭ አያታልላችሁም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሳችሁን አታታልሉም።

በኢንተርኔት ስትገዙ “ሚኒ” የሚለውን ቃል አትመኑ። ለአንዱ ሻጭ ሚኒ ማለት የቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠል፣ ለሌላው ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ነው። ማግኔቶቹ ከፊት ያማልላሉ፣ ጀርባቸው ግን ጠፍጣፋ ነው። ልኩ በቁጥር ካልተጻፈ ጠይቁ፤ ሻጩ “ትንሽ ነው” ብሎ ከመለሰ እለፉት። ፎቶው ውስጥ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ካለ ጥሩ ነው። የሰው ጣት ብቻ ካለ ግን ጣት ከጣት እንደሚለይ አስታውሱ።

ውፍረት ያሳብቃል

ቁመትና ስፋት ልክ ሆኖ እንኳ ዕቃው መጫወቻ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ሰው ቀለሙን ያማል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የውፍረት ነው። ርካሽ የሰሃን ስብስብ ገዝቼ ነበር፤ ስፋታቸው ልክ፣ ጽጌረዳቸው ያማረ። ጠርዛቸውን ስለካ ሁለት ሚሊ ሜትር። በ12 ሲባዛ 2.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ የመጽሐፍ ያህል ውፍረት ያለው ሰሃን! የእውነተኛ ሰሃን ጠርዝ አራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሻንጉሊት ቤት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የኩባያ ጆሮ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የድስት ክዳን፣ የፎቶ ፍሬም፣ የመጋረጃ ጠርዝ ሁሉ በዚሁ ይፈተናሉ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ስትመርጡ ከፊት ለፊት አትዩት፤ አጋድማችሁ ጠርዙን እዩ።

ወፍራሙን የግድ መጣል የለባችሁም። ፕላስቲክ ወይም ሬዚን ከሆነ ሥሩን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከታች ወደ ጠርዙ እየፈገፋችሁ ብታሳሱት፣ መሃሉ ወፍራም ሆኖ ቢቀርም የሚታየው ጠርዝ ይቀጥናል። ወረቀቱን ውኃ አስነክታችሁ ፈግፉ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ፤ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ አይበጅም።

ከውፍረት ቀጥሎ ብልጭታ ነው። በጣም የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ፕላስቲክ ይመስላል፣ እውነተኛ እንጨት ቢሆን እንኳ። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ በስሱ ብትቀቡት ብዙ ዕቃ ይድናል። መስታወት፣ ሸክላና የታጠበ ብረት ብቻ ያብረቅርቁ።

የእንጨት ነገርም አለ። የእንጨቱ መስመርና ቀዳዳ ከዕቃው ጋር አብሮ አያንስም። ኦክ በትልቅ ቤት ያምራል፤ በ6 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ ጣት የሚያስገቡ ጉድጓዶች ይመስላሉ። እንደ ፒር ወይም ቼሪ ያለ መስመሩ የጠበበ እንጨት ፈልጉ።

ጨርቅ ከሁሉም ያስቸግራል። ርዝመት በ12 ሲያንስ ክብደት በ12 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ፣ ማለትም በ1728 ያንሳል። የ12 ሊትር ባልዲ በአሻንጉሊት ቤት 7 ሚሊ ሊትር ብቻ ይይዛል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል እንኳ አይሞላም። ጨርቅም እንዲሁ ክብደቱን አጥቶ ነው የሚመጣው፤ የአልጋ ልብሱ አልጋው ላይ አይተኛም፣ እንደ ካርቶን ተወጥሮ ይቆማል። መፍትሔው ስስ ጥጥ ወይም ሐር መርጦ፣ ነጭ ኮላ በብዙ ውኃ አቅጥኖ ማርጠብ፣ ከዚያ በፕላስቲክ በተጠቀለለ ስፖንጅ ላይ እጥፋቱን በስፒል እየያዙ ማድረቅ ነው። የጨርቁን አበባም አባዙ። ሦስት ሚሊ ሜትር አበባ 3.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለመጋረጃ ደህና ነው። የአንድ ሴንቲ ሜትር አበባ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ክፍሉን ይውጠዋል።

መጥረጊያ የሌለው ቤት

ሁለት ዓመት ያህል ሰብስቤ ቤቱ ሞላ። ባለ ስድስት አምፖል የጣሪያ መብራት፣ የብር ማንኪያዎች፣ በእጅ የተሳለ የሸክላ ስብስብ፣ ፒያኖ። እህቴ መጥታ እጇን ወደኋላ አጣምራ ክፍል በክፍል አየችው። አድናቆት ስጠብቅ፣

“አንቺ፣ ይሄን ቤት ማን ነው የሚጠርገው? መጥረጊያ እንኳ የለውም እኮ” አለችኝ።

ሳቅሁ፣ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ትክክል ነበረች። የሰበሰብኩት የሱቅ መስኮት እንጂ ሰው የሚኖርበት ቤት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ የሚያምር ነገር ካስገባሁ ሁለት የማያምር እጨምራለሁ፦ ባልዲ፣ መወልወያ፣ የቆሻሻ ቅርጫት፣ የኤሌክትሪክ ዲቫይደር፣ መሰላል፣ የመጸዳጃ ብሩሽ፣ የልብስ ማንጠልጠያ፣ ከአልጋው ሥር አንድ እግር ካልሲ። ሰው ሲያይ ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈውና የሚስቀው በእነዚህ ነው። በአምስተርዳም ፔትሮኔላ ኦርትማን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. ከ1686 እስከ 1710 ገደማ ያሟላችው የአሻንጉሊት ቤት ዛሬ በራይክስ ሙዚየም ይታያል። ሸክላውን ከቻይና አዝዛለች፤ ለቀረው ብር ሠሪ፣ መስታወት ነፊ፣ ቅርጫት ሠሪ ሳይቀር አሠርታለች። ብሩን ማንም ያስበዋል። እኔን የገረመኝ ቅርጫት ሠሪው ነው።

ችግሩ የማያምር ዕቃ በጥሩ ሥራ ተሠርቶ ብዙም አይሸጥም፤ ማን በመጸዳጃ ብሩሽ ልቡ ይጠፋል? ስለዚህ አብዛኛውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ፤ የሚያስፈልገው ወረንጦ፣ ስለታም ምላጭ ቢላ፣ ማጉያ መነጽርና ትዕግሥት ነው።

መጥረጊያውን እንዲህ ሠራሁት። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቀርከሃ ዘንግ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ቆረጥኩ። ከአሮጌ የቀለም ብሩሽ ጸጉር ነቅዬ በዘንጉ ጫፍ ዙሪያ በክር ጠመጠምኩና ኮላ አጠጣሁት። ሲደርቅ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አስቀርቼ ቆረጥኩት፤ ግን ቀጥ አድርጌ አይደለም። እቤታችሁ ያለውን መጥረጊያ እዩት፣ በአንድ በኩል አልቋል፤ ሰው በለመደው እጁ ስለሚጠርግ። የእኔም በግራ በኩል አጠረ። እህቴ ስታየው “ግራኝ ናት ማለት ነው?” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ባለቤት ግራኝ ናት፤ ኩባያዋም፣ መቀሷም በግራ በኩል ይቀመጣሉ።

ዲቫይደሩ ከዚህም ይቀላል፦ 21 በ4 ሚሊ ሜትር ነጭ ፕላስቲክ፣ በጋለ መርፌ ሁለት ሁለት ቀዳዳ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ክር። ክሩን በኮላ ካላጠጣችሁት ጸጉሩ ይቆማል። ማንጠልጠያ ደግሞ የአሮጌ ገመድ ውስጥ ያለውን እንደ ጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሦስት ስፒል በተተከለበት ጣውላ ዙሪያ በማጠፍ ይሠራል፤ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል።

ከመጣያው በፊት

አሁን ማንኛውንም ነገር ሳልለካ አልጥልም። የሸሚዝ ቁልፍ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ሴንቲ ሜትር፣ የኩባያ ማስቀመጫ። የኮት ቁልፍ 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን 26 ሴንቲ ሜትር ሰሃን ነው፣ ቀዳዳው በፑቲ ከተደፈነ። ቆርኪ ጥርሱ በፒንሳ ከተስተካከለ ሰፊ ትሪ ይሆናል። ትንንሾቹ ክብ ሻማዎች የሚቀመጡበት የአሉሚኒየም ጽዋ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲባዛ 46 ሴንቲ ሜትር፣ ልክ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ። የጥርስ ሳሙና ክዳን የአበባ መትከያ፣ የተሰበረ ጉትቻ የበር እጀታ፣ ዶቃ የመብራት እግር፣ የመድኃኒት እሽግ ላይ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ የመስኮት መስታወት። ስቴኪኒ ለመዶሻና ለብሩሽ እጀታ ይበቃል፤ ለመጥረጊያ ግን ያጥራል፣ ሞክሬዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቁልፍ መሆኑ የሚታወቅ ሰሃን ሰሃን አይደለም። ተመልካች “አይ ብልሃት!” ካለ ዕቃው ወድቋል፤ ምንም ሳይል ካለፈ አልፏል። ስለዚህ ቀለም ቀቡት፣ ጠርዙን አሳሱት፣ የነበረበትን አስረሱት።

አዲስ ዕቃ አዲስ መምሰሉም ያጋልጠዋል። እርጅናው ግን እጅና እግር የሚደርስበት ቦታ ላይ ብቻ ይሁን፦ የመሳቢያ እጀታ ዙሪያ፣ የድስት ቂጥ፣ የበር ጠርዝ በክርን ከፍታ፣ የወንበር የፊት ዘንግ። ለስላሳ እርሳስ በጣት አሽቶ መንካት ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ቡናማ ቀለም አቅጥኜ ሁሉንም አለበስኩትና ቤቱ ከእሳት አደጋ የተረፈ መሰለ።

አቀማመጥና ጥበቃ

ትንሽ ዕቃ በቀላሉ ይወድቃል፤ ለዚህ ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት ለስላሳ ሰም አለ። የስፒል ራስ የምታህል ብቻ ከሥሩ ለጥፉ። በወረቀትና በጨርቅ ላይ ግን የዘይት እድፍ ስለሚተው እዚያ አትጠቀሙበት።

ሁሉንም ዕቃ ወደ ፊት ለፊት አታዙሩት። ሰው ከክፍሉ አሁን የወጣ ይመስል ወንበሩ ትንሽ ይጣመም፣ መጽሐፉ ይከፈት፣ መነጽር ላዩ ላይ ይቀመጥ። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያሉት 68ቱ የቶርን ክፍሎች የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1940 የተሠሩት፣ አንድም የሰው አሻንጉሊት የለባቸውም። እኔም አሻንጉሊቶቹን ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ፊታቸው የክፍሉን እውነትነት ያፈርሰዋል። አንዷን ለመለኪያ ብቻ አስቀርቻታለሁ።

ስትጨርሱ ስልካችሁን ከወለሉ 13 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ የአንድ ሰው የዓይን ከፍታ ማለት ነው። በፎቶ ውስጥ የሚያወዳድሩት ትልቅ ነገር ስለሌለ ጥፋት ሁሉ አደባባይ ይወጣል።

ጥበቃውን በኪሳራ ነው የተማርኩት። የብር ማንኪያዎቼን እንዳይበታተኑ በላስቲክ አስሬ አስቀመጥኳቸው፤ ከወራት በኋላ ስፈታ ላስቲኩ የነካቸው ቦታ ጠቁሯል። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። የእርሳስ ብረት ያለባቸውን አሮጌ ዕቃዎች ደግሞ በኦክ ሳጥን አትዝጉ፤ ከኦክ የሚወጣው የአሲድ ትነት እርሳሱን ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል። ሱፐር ግሉን በመስኮት ፕላስቲክ አጠገብ አትጠቀሙ፤ ትነቱ ነጭ ጭጋግ ጥሎበት ይቀራል፣ እኔ ሁለት መስኮት አጥቻለሁ። ቤቱን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ጋ አስቀምጬ ከርሜ ጠረጴዛውን ሳነሳ ደግሞ ከሥሩ የምንጣፉ እውነተኛ ቀለም ወጣ፤ የቀረው ሁሉ ነጥቷል። ያው ምንጣፍ አሁንም እዚያው ነው፣ ጠረጴዛውም ከቦታው አይነቃነቅም። አቧራውን ከፊት በሚዘጋ መስታወት ተከላከሉ፤ ያመለጠውን ለስላሳ የስዕል ብሩሽ ያነሳዋል።

ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚደርስበት ቦታ ላይ እነዚህ ዕቃዎች አይቀመጡም፤ ሁሉም አፍ የሚገቡ ናቸው። የሰዓት ባትሪና ትንንሽ ማግኔት ከተዋጡ ለሕይወት ያሰጋሉና ለብቻቸው ቆልፉባቸው። በጣም አሮጌ ቀለም ውስጥ የእርሳስ ብረት ሊኖር ስለሚችል እንዲህ ያለውን ዕቃ ልጅ እንዲጫወትበት አትስጡ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፉት።

ቤቱ ውስጥ ያልገባውን በክፍል በክፍል በተከፋፈለ የዶቃ ሳጥን አስቀምጡ፤ በክዳኑ ላይ ልኩንና ያገኛችሁበትን ጻፉ። ደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የሚጎድለኝን እጽፋለሁ። ዛሬ እዚያ ያለው፦ የበር ማቆሚያ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ ለመታጠቢያ ገንዳው መድፈኛ ከነሰንሰለቱ። ለሰንሰለቱ የተበጠሰ የአንገት ሐብል አለኝ፤ አንዱ ቀለበቱ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ሲባዛ 12 ሚሊ ሜትር፤ ለመድፈኛ ሰንሰለት ይወፍራል።